መስኮቱና ውሳኔው፦ ሐረር ከትልልቅ ድርጅቶች ጋር ያላት ደንበኝነት

ፖስታ፣ ስልክና ባንክ ወደ ኢትዮጵያ በገቡበት ዘመን ሐረር ከዋና ከተማዋ ጎን ለጎን የእነዚህ ተቋማት ደንበኛ ሆናለች። በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት ሲመሠረት የመጀመሪያዎቹ ፖስታ ቤቶች የተከፈቱት በእንጦጦና በሐረር ሲሆን፣ በ1880ዎቹ ሥራው የተጀመረውና 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የስልክ መስመርም ያገናኘው አዲስ አበባንና ሐረርን ነበር፤ በ1898 ዓ.ም. የተመረቀው የአቢሲኒያ ባንክም ቅርንጫፍ ከከፈተባቸው ጥቂት ከተሞች አንዷ ይህችው ከተማ ናት። ሐረር ከሩቅ በሚተዳደር ተቋም መስኮት ፊት መቆም ከጀመረች ወደ 130 ዓመት ሆኗታል ማለት ነው። ይህን ያህል የቆየ ደንበኝነት መተማመንን ማሳደግ ሲገባው፣ የስልክ፣ የመብራት፣ የውኃና የባንክ አገልግሎት በተነሳ ቁጥር በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ በጁገል ውስጥም ሆነ በድሬ ጠያራ ገጠር የሚሰማው ቃል ምሬት የሆነበትን ምክንያት መመርመር የዚህ ዲስኩር ዓላማ ነው።

በቅድሚያ ሁለት ቃላት መወሰን አለባቸው። በዚህ ዲስኩር «ትልቅ ድርጅት» የሚባለው ባለቤቱ መንግሥትም ሆነ የግል ባለሀብት፣ አገልግሎቱን በመላ አገሪቱ የሚያቀርብ፣ ዋና ውሳኔዎቹን በአንድ ማዕከል የሚሰጥና ደንበኛውን በፊቱ ወይም በአባቱ ስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር የሚያውቅ ተቋም ነው። «የደንበኞች አገልግሎት» ሲባልም ሽያጩን ማለት ሳይሆን፣ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ አንድ ነገር ሲበላሽ ለከፋዩ የሚሰጠውን መረጃ፣ የሚደረግለትን እርማትና፣ ጉዳት ከደረሰበትም የሚከፈለውን ካሣ ማለት ነው። ሥራው በሰላም ሲሄድ ድርጅቱና ደንበኛው ሊነጋገሩ የሚችሉበት አጋጣሚ ጥቂት ስለሆነ፣ ደንበኛ ስለ ድርጅቱ የሚይዘው አመለካከት በአብዛኛው የሚቀረጸው በእነዚያ የብልሽት ሰዓታት ነው።

በአገራችን ለዚህ ምሬት የሚሰጠው የተለመደ ማብራሪያ የሥነ ምግባር ማብራሪያ ነው። ሠራተኛው ትሕትና ይጎድለዋል፣ ፊቱን ያጠቁራል፣ ስልክ እያወራ ባለጉዳይ ያስጠብቃል ይባልና፣ መፍትሔው የሁለት ቀን ሥልጠና፣ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጽሑፍና በኮሪደሩ መጨረሻ የሚሰቀል የአስተያየት መስጫ ሳጥን ይሆናል። የሠራተኛ ጨዋነት ዋጋ እንዳለው አያጠያይቅም፤ ሆኖም ይህ ማብራሪያ ጥፋቱን በተቋሙ ውስጥ ሥልጣኑ ከሁሉ ባነሰው ሰው ትከሻ ላይ ስለሚጭን ከእውነቱም ከፍትሑም ይርቃል። አሜሪካዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር አርሊ ሆክስቻይልድ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ የአውሮፕላን አስተናጋጆችን ሥራ መርምራ «የስሜት ሥራ» የሚል ስያሜ ሰጥታለች፤ ይህም ሠራተኛው የራሱን ስሜት አፍኖ የደንበኛውን ስሜት እንዲያበርድ የሚከፈልበት ሥራ ማለት ነው። ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠችው ወጣት ቆጣሪ የመለወጥ፣ ሒሳብ የማረም ወይም ባለሙያ የመላክ ሥልጣን ሳይኖራት ከጠዋት እስከ ማታ የሌሎችን ቁጣ እንድትቀበል ስትመደብ፣ የምትጠየቀው በትክክል ይህን ሥራ ነው። ፊቷ ቢጠቁር የሚያስገርም አይደለም፤ ፊቷ ቢፈካ ደግሞ የተቃጠለው ቆጣሪ አይሠራም።

ችግሩን በትክክል ለማየት ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ በሚወርደው መንገድ፣ የልብስ ስፌት ማሽኖች ድምፅ ስሙን በሰጠው መኪና ግርግር በኩል ያለውን የንግድ ሥርዓት ማስተዋል ይጠቅማል። በዚያ መንገድ ጨርቅ የሸጠው፣ ልኩን የወሰደውና ልብሱ ጠቦ ሲመለስ የሚያርመው በአብዛኛው አንድ ሰው፣ ቢበዛ ተጎራባች የሆኑ ሁለት ሰዎች ናቸው። ስሕተቱን የሚሰማው ጆሮና ስሕተቱን የሚያርመው እጅ አልተለያዩም፤ ደንበኛውም ካልረካ በሦስት እርምጃ ርቀት ሌላ ሰፊ አለለት፤ ሻጩና ገዥው ደግሞ በአፎቻ፣ ማለትም ሐረሪዎች በሐዘንና በሠርግ በሚረዳዱበት ማኅበር፣ ወይም በዕድርና በጉርብትና የሚገናኙ ስለሆነ የተበደለ ሰው ቃል ሰሚ አያጣም። ይህ ማለት ገበያው ከማታለል የጸዳ ነው ማለት አይደለም፤ ዋጋ የሚቆልል፣ ጨርቅ የሚያሳንስ ሁሌም አለ። ይሁን እንጂ ክርክሩ በዕለቱ፣ ውሳኔ መስጠት በሚችል ሰው ፊት፣ ሁለቱም በሚያውቁት ቋንቋ ያልቃል።

ትልቅ ድርጅት የሚያፈርሰው ይህን አንድነት ነው። አንድ ቆጣሪ ሲቃጠል አቤቱታውን የሚመዘግበው አንድ ክፍል፣ ቦታው ድረስ ሄዶ የሚያየው ሌላ ክፍል፣ መለዋወጫውን የሚያወጣው መጋዘን ሦስተኛ ክፍል፣ መጋዘኑ ባዶ ሲሆን ግዥውን የሚፈጽመው ደግሞ በአዲስ አበባ ያለ አራተኛ ክፍል ይሆናል። «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» የሚለው መልስ ደንበኛውን የሚያስቆጣው ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ እያንዳንዱ ክፍል ሲናገረው እውነት በመሆኑ ነው። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ 994፣ የመብራት ደንበኛ 905፣ የንግድ ባንክ ደንበኛ 951 ሲደውል የሚያገኘው የጥሪ ማዕከልም የተደራጀው ለመስማትና ለመመዝገብ በመሆኑ፣ ከተለመዱት ቀላል ጥያቄዎች ያለፈ ጉዳይ ሲመጣ ወደ ሌላ ክፍል ከማስተላለፍ በላይ ሥልጣን የለውም፤ ደዋዩ በማግሥቱ መልሶ ሲደውል ሌላ ድምፅ ይቀበለውና ታሪኩን ከመጀመሪያው ይደግማል። ኮምፒውተር ሲቋረጥ የሚነገረው «ሲስተም የለም» የሚለው አባባልም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልዩ ቦታ አለው፤ በስም የሚጠራ ተጠያቂ፣ የሚጠበቅ ሰዓት፣ ይግባኝ የሚባልበት በር ሁሉ በእነዚህ ሁለት ቃላት ይዘጋሉና።

ሐረር የሩቅ ውሳኔን ምንነት ከማንም ቀድማ ታውቃለች። የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ በመጀመሪያ የታሰበው ወደ እርሷ ሲሆን፣ የኩባንያው መሐንዲሶች የተራራውን አቀበትና ወጪውን አስልተው መስመሩን ከተራራው ግርጌ አስቀሩት፤ በ1895 ዓ.ም. ገደማ ባቡሩ የደረሰበት ሥፍራ ድሬዳዋ ሆነ፤ የሐረር ነጋዴም ዕቃውን በእንስሳት ጭኖ ወደ ባቡሩ መውረድ ግዴታው ሆነ። በምሕንድስና ዓይን ውሳኔው ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ወጪውን የተሸከመው ግን ያልተጠየቀው ደንበኛ ነበር።

ከሁሉም በላይ ጉዳዩ ጎልቶ የሚታየው በውኃ ነው። ሐረር ለአሥርተ ዓመታት ትጠጣ የነበረው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር፤ ሐይቁ በመስኖ ብዛት፣ ከተራቆቱት ኮረብቶች በሚወርድ ደለልና በሌሎች ምክንያቶች እየሸሸ ሄዶ በ1990ዎቹ ሲደርቅ ከተማዋ በቧንቧዋ ፈንታ ቢጫ ጄሪካን ይዛ ቀረች። ከዚያ በኋላ በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ በተሠራው ፕሮጀክት ውኃው ከድሬዳዋ አካባቢ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እንዲመጣ ተደረገ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1900 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ውኃው በራሱ ክብደት ሊወርድ አይችልም፤ በፓምፕ፣ ደረጃ በደረጃ በተተከሉ የግፊት ጣቢያዎች እየተገፋ ተራራውን ይወጣል። የፓምፑ ጉልበት ኤሌክትሪክ ስለሆነ መብራት በቆላው ሲቋረጥ ውኃ በደጋው ይቋረጣል፤ መብራቱ በሰዓታት ውስጥ ቢመለስ እንኳ ባዶ የሆነው ረጅም ቧንቧና የተጓደለው ማጠራቀሚያ እስኪሞሉ የጁገል ቤቶች ይጠብቃሉ።

እንግዲህ አንዲት እናት ቧንቧዋ ሲነጥፍ ለማን አቤት ትበል? ውኃ አገልግሎቱ መብራት እንደጠፋበት ይናገራል፤ ይህም እውነት ነው። የመብራት ተቋሙ ራሱ ደግሞ በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተከፍሎ፣ የማመንጨቱና የከፍተኛ መስመሩ ሥራ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ የማከፋፈሉና የሽያጩ ሥራ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ስለተሰጠ፣ በሕዝብ አፍ ዛሬም ሁለቱም «መብራት ኃይል» ቢባሉም በደብዳቤ ላይ የአንዱ ጥፋት የሌላው አይደለም። እናቲቱ ውል ያላት ከውኃ አገልግሎቱ ጋር ብቻ ነው፤ የውኃዋን መምጣትና መቅረት የሚወስነው ግን ከእርሷ ጋር ውል የሌለው ተቋም፣ እርሷ በማታውቀው ከተማ፣ በማታውቀው ማከፋፈያ ጣቢያ ነው። እንዲህ ባለ ሰንሰለት ውስጥ ቢያንስ አንድ ተቋም «ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ውኃ አይኖርም፤ ምክንያቱ ይህ ነው» የሚል ማስታወቂያ አስቀድሞ ማውጣት ግዴታው ቢሆን ኖሮ፣ ውኃው ባይጨምርም ቤተሰቡ ጄሪካኑን በጊዜ ይሞላ፣ በአህያ ጭኖ ውኃ ከሚሸጠው ሰው ዘንድ በችግር ሰዓት ዋጋ ከመግዛት ይድን ነበር። መረጃ ያለ ተጨማሪ ቧንቧ ሊሰጥ የሚችል አገልግሎት ሆኖ ሳለ ከሁሉ በላይ የሚጎድለው እርሱ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

በጀርመን ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረው የኢኮኖሚ ምሁር አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ደንበኛ በተበላሸ ድርጅት ላይ ሁለት መሣሪያዎች እንዳሉት አስረድቷል፦ አንደኛው ትቶ ወደ ሌላ መሄድ፣ ሁለተኛው በድርጅቱ ውስጥ ቆሞ ድምፅን ማሰማት። ሂርሽማንን ወደዚህ ሐሳብ የመራው የናይጄሪያ ባቡር ነበር። የሰሜን ናይጄሪያን ለውዝ፣ በኤረር ሸለቆ የሚበቅለውን ዓይነት ሰብል መሆኑ ነው፣ ወደ ወደብ ለማጓጓዝ የጭነት መኪናዎች ከባቡሩ ጋር ሲወዳደሩ፣ ባቡሩ በፉክክሩ ይሻሻላል ተብሎ ሲጠበቅ ባለበት ቀረ። ምክንያቱም ዋና ዋናዎቹ ነጋዴዎች፣ ማለትም መጮህም መክሰስም ይችሉ የነበሩት፣ ወደ መኪና ሲዞሩ ባቡሩ የሚቆጣበት ሰው አጣ፤ መንግሥት ኪሣራውን ስለሚሸፍንለት የገቢው መቀነስም አላስደነገጠውም።

ይህ ትንተና ለሐረር ሁኔታ እጅግ ቅርብ ነው። አቅም ያለው ቤተሰብ በጣሪያው ላይ ሮቶ ይሰቅላል፣ በቦቴ ውኃ ያስመጣል፣ ሆቴሉ ጄኔሬተር ያስነሳል፣ ነጋዴው ሁለት ሲም ካርድ ይይዛል። እነዚህ ሰዎች የተቋሙን ሥራ አስኪያጅ በስም የሚያውቁ፣ ደብዳቤ መጻፍ የሚችሉ፣ በስብሰባ ሲናገሩ የሚደመጡ ናቸው፤ ችግሩን በገንዘባቸው ከቤታቸው ካስወጡት በኋላ ግን የሚጮሁበት ምክንያት ይቀንሳል። በወረፋው የሚቀረው ድምፁ ሩቅ የማይሰማው ነው። ይህን በማለት ባለ ሮቶውን መውቀስ ተገቢ አይሆንም፤ ልጆቹን ማጠጣት ግዴታው ነውና። የሚወቀሰው ጩኸት ካልሰማ በቀር ብልሽትን ማየት የማይችል አሠራር ነው።

በስልክ ዘርፍ «ትቶ መሄድ» የሚቻልበት ዘመን በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ በዚሁ አካባቢ ተጀምሯል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ለሙከራ መጀመሪያ ኔትወርኩን የከፈተው በድሬዳዋ ሲሆን ሐረርና ሐረማያ ተከትለዋል። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በአሁኑ ስሙ የሚታወቀውና ዛሬ ከ80 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ያሉት ኢትዮ ቴሌኮም ተፎካካሪ ማግኘቱ ለደንበኛው መልካም ዜና ነበር፤ የጥቅል ዋጋዎችም ሆኑ የኢንተርኔት ፍጥነት የፉክክርን ጥቅም ያሳያሉ። ነገር ግን ፉክክር የሚበረታው አዲስ ደንበኛ በመሳብ ላይ ነው፤ የገባው ደንበኛ ሲቸገር የሚደረግለትን እርማት የሚያሻሽለው ዘግይቶ ነው። ለዓመታት የንግድ ወዳጆቹ የያዙለትን ቁጥር ጥሎ መሄድም ለአንድ ነጋዴ ቀላል ውሳኔ አይደለም። መብራትና ውኃን በተመለከተ ደግሞ ሁለተኛ ምርጫ ከነጭራሹ የለም፤ በአንድ ከተማ ሁለት የቧንቧ መረብ መዘርጋት የማይገባ ብክነት ስለሆነ ይህ ወደፊትም የሚለወጥ አይመስልም።

የደንበኛውን አቅም ያዳከመ ሌላ ለውጥ ያለብዙ ክርክር ገብቷል፤ እርሱም ቅድመ ክፍያ ነው። ቀድሞ የመብራትም ሆነ የስልክ ሒሳብ የሚከፈለው በወሩ መጨረሻ ነበር፤ ደንበኛው ሒሳቡ ተጋኗል ወይም አገልግሎቱ ተቋርጦ ነበር ብሎ ሲከራከር ገንዘቡ ገና በኪሱ ነበር። ዛሬ ብዙ ደንበኛ የስልክ ካርዱን ሞልቶ፣ የመብራት ካርዱን ገዝቶ ስለሚገባ ክርክሩ የሚጀመረው ገንዘቡ ከሄደ በኋላ ነው። ድርጅቱ ያልሰጠውን አገልግሎት ዋጋ በቅድሚያ ከሚሊዮኖች እየሰበሰበ በተግባር ከደንበኞቹ ይበደራል፤ ለብድሩ ግን ወለድም ዋስትናም አይሰጥም። ቅድመ ክፍያ ያልተጠበቀ የተቆለለ ሒሳብን በማስቀረት ለደንበኛው የሰጠው ጥቅም የሚካድ አይደለም። ቢሆንም ክፍያን በማዘግየት የሚገኘውን ትንሽ ኃይል ከደንበኛው ሲወስድ በምትኩ ሌላ ኃይል ሊሰጠው ይገባ ነበር፤ አልተሰጠውም።

የዚህ ሁሉ ወጪ በማን ላይ እንደሚያርፍ በድሬ ጠያራ ገበሬ ማየት ይቻላል። ከሐረሪ ክልል ሦስት የገጠር ወረዳዎች አንዷ በሆነችው በዚህች ወረዳ ጫት ዋና የገቢ ምንጭ ነው። ጫት ከተቀነጠሰ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ዋጋውን የሚያጣ ሸቀጥ ስለሆነ፣ ገበሬው የአወዳይን የጫት ገበያ ዋጋ በማለዳ በስልክ ሳያረጋግጥ መቅጠፍ አደጋ ነው። ኔትወርክ ለግማሽ ቀን ሲጠፋ ድርጅቱ የሚያጣው የጥቂት ደቂቃ ጥሪ ሒሳብ ሲሆን፣ ገበሬው የሚያጣው ያለ መረጃ በደላላ በተቆረጠለት ዋጋ የሸጠውን የዕለቱን ምርት ነው። የጠፋውን ኔትወርክ ለማመልከት ወደ ከተማ ቢመጣ ደግሞ የመጓጓዣው ወጪና የዋለው ቀን ይጨመርበታል። በድርጅቱ መዝገብ ላይ ግን ይህ ሁሉ አይታይም፤ የማይታይ ወጪም ማንንም አያስቸኩልም።

ትልልቅ ድርጅቶች መቸኮል ሲፈልጉ የሚችሉ መሆናቸው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ታይቷል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኮምፒውተር ሥርዓት በአንድ ሌሊት ተሳስቶ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ እንዲያወጡ በፈቀደ ጊዜ፣ ባንኩ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠረውን ብር ከየት ማን እንደወሰደው በቀናት ውስጥ ለይቶ፣ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ እስከ መለጠፍ ደርሷል። ባንኩ የሕዝብን ገንዘብ ለማስመለስ መትጋቱ ትክክል ነበር። ጥያቄው ተቃራኒው ሲሆን፣ ማለትም ከላኪው ሒሳብ ወጥቶ ተቀባዩ ዘንድ ያልደረሰ ገንዘብ ባለቤቱን ሲያመላልስ፣ ያው መዝገብ፣ ያው ቴክኖሎጂና ያው ትጋት የባንኮቹ ሁሉ ግዴታ የማይሆነው ስለምን ነው የሚለው ነው።

ሕጉ ባዶ እጁን አይደለም። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በትሕትናና በአክብሮት የመስተናገድና ለደረሰበት ጉዳት የመካስ መብት እንዳለው ይደነግጋል። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የስልክና የኢንተርኔት ድርጅቶችን የሚቆጣጠር ባለሥልጣን አቋቁሟል፤ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የእንባ ጠባቂ ተቋምም በአስፈጻሚ አካላት የሚደርስ አስተዳደራዊ በደልን ይሰማል። ጉድለቱ ያለው በአፈጻጸሙ ነው። መብቱን የሚያገኘው አቤቱታ ያቀረበ ሰው ብቻ ስለሆነ፣ የጥቂት ብር ጉዳት የደረሰበት ሰው ከጉዳቱ የሚበልጥ የትራንስፖርት ወጪ አውጥቶ መክሰስ አለበት፤ አስተዋይ ሰው ይህን አያደርግም፤ ስለዚህ ሚሊዮኖች ጥቂት ጥቂት ብር ሲያጡ ሕጉ ፊት የቀረበ አንድም ጉዳይ ላይኖር ይችላል። ከዚህም በላይ አዋጁ «ሸማች» የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው እንጂ ለማምረቻ ወይም መልሶ ለመሸጥ የሚገዛውን አይደለም። በዚህ ትርጉም በሸዋ በር አጠገብ ወፍጮ የሚያስፈጭ ሰው በቤቱ አምፖል ሲጠፋ ሸማች ሲሆን፣ የዕለት እንጀራው የተመሠረተበት ወፍጮ ሲቆም ግን በሕጉ ጥላ ሥር መሆኑ አጠራጣሪ ይሆናል።

በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ሚያዝያ ወር ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው አሠራር ለዚህ ቋጠሮ አንድ መፍቻ ያሳያል። በኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪው በኦፍኮም ሥርዓት የገቡ የመደበኛ ስልክና የኢንተርኔት ድርጅቶች ጥገናቸው ከተወሰነው ጊዜ ሲዘገይ፣ ወይም ባለሙያው በቀጠሮው ሳይመጣ ሲቀር፣ ደንበኛው ካሣ ባይጠይቅም የተወሰነ ገንዘብ በሒሳቡ ይታሰብለታል። የዚህ ሥርዓት ብልሃት የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን የወጪው ቦታ መለወጥ ነው፤ መዘግየት በድርጅቱ መዝገብ ላይ ቁጥር ሆኖ ሲመጣ ጥገናን ማፋጠን ከርኅራኄ ይልቅ የሒሳብ ጉዳይ ይሆናል።

በኢትዮጵያ ይህን ለመጀመር አዲስ ማሽን መግዛት አስፈላጊ አይደለም። በአንድ ጣቢያ ሥር ያሉ ደንበኞች ኔትወርክ ለስንት ሰዓት እንደጠፋባቸው ድርጅቱ ያውቃል፤ የጥቅሉን ዋጋ በቅድሚያ የሚቆርጠው ሥርዓት የባከኑትን ሰዓታት መልሶ ሊሞላ ይችላል። የመብራት አገልግሎቱም መስመር ተቋርጦ የቆየበትን ሰዓት መመዝገብና በሚቀጥለው የካርድ ግዥ ላይ ማሰብ ይችላል። በሐረር ያሉ ቅርንጫፎች ደግሞ ለአዲስ አበባ ሳይጽፉ የሚወስኑበት የገንዘብ ጣሪያ ቢሰጣቸው፣ ለምሳሌ የተቃጠለ ቆጣሪ የመለወጥና የተሳሳተ ቆረጣን በዕለቱ የመመለስ ሥልጣን ቢኖራቸው፣ የውሳኔው ሰው ስምና የሥራ ሰዓትም በመስኮቱ በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በአማርኛና በሶማሊኛ ቢለጠፍ፣ ከድሬ ጠያራ የመጣው ገበሬ ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ለስልክ፣ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ለመብራት፣ የክልሉ መስተዳድር ለውኃ የየራሳቸውን መመሪያ ማውጣት ይጠበቅባቸዋል፤ የወፍጮ ባለቤቱ ጉዳይ ግን በመመሪያ የማይፈታ ስለሆነ፣ በአዋጁ የሸማች ትርጉም ውስጥ የመብራት፣ የውኃና የስልክ አገልግሎትን ለአነስተኛ ሥራቸው የሚገዙ ሰዎችን የሚያካትት አንቀጽ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እንዲጨምር ይጠይቃል።